ጓሳን የዘጉ፣ ጓሳን የከፈቱ

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት የያዙ ሰዎች ናቸው። ማን የትኛውን አገር ያዘ፣ ማን ከማን ላይ ዘውድ ወሰደ፣ የትኛው ንጉሥ የት ከተመ እያልን እንቆጥራለን። በእኛ በሰሜን ሸዋም የምንኮራበት ታሪክ ይኸው ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ደብረ ብርሃንን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቈረቈሯት፤ ከመንዝ የተነሣው የነጋሲ ዘር ሸዋን ገዛ እንላለን። ስለ ተዉት ሰዎች ግን እምብዛም አይጻፍም። እጁ እየደረሰ ያልቈረጠ፣ ከብቱ እየከሳ ወደ ለመለመው መስክ ያልነዳ ገበሬ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ የለውም። ይህች ጽሑፍ ስለ እነዚያ ናት።

ውድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን ተነሥተህ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ ብትጓዝ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ አንድ ሰፊ የሣር አገር ታገኛለህ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በምሥራቁ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል የሚወርድ ገደል አለ። በምዕራቡ የመንዝ እርሻና የመንዝ ጎጆ ይጀምራል። ዝናቡ እዚህ ላይ ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዋሽ፣ ሌላው በጀማ በኩል ወደ ዐባይ ይሄዳል። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው፤ ጓሳ ይባላል።

ጓሳ ለመንዝ ሰው ተራ ሣር አይደለም። የቤቱ ክዳን ነው፤ ገመዱ ነው፤ ጅራፉ ነው። በክረምት እረኛው የሚደርበው ገሳ የሚሠራው ከእርሱ ነው። በሌላው አገር ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክና ናይለን የሚሠሩትን ሥራ በመንዝ ለዘመናት ብቻውን ሲሠራ የኖረ ሣር ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሣር፣ እንዲህ ባለ ብርድና ድህነት ባለበት አገር፣ ሳይታጨድ እንዴት ተረፈ? በዚያ ሣር ውስጥስ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እንዴት ቆዩ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት፣ ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝን ነገር ልናገር፤ አንባቢ ፈገግ ቢልብኝም አልቀየምም። ነገሩ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። የአክስቴ ልጅ ማታ ማታ የሚጫወተው «ቲምበርቦርን» የሚሉት የከተማ ግንባታ ጨዋታ አለ፤ ሜካኒስትሪ የተባለ የፖላንድ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በጨዋታው ውስጥ የሰው ልጅ ከምድር ጠፍቷል። ከተማ የሚሠሩት ቢቨሮች ናቸው። ቢቨር በአገራችን የለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ዳር የሚኖር፣ ዛፍ በጥርሱ ቈርጦ የሚጥል፣ በግንዱ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ነው። ተጫዋቹ የእነርሱ አለቃ ይሆናል። ወንዙ ሞልቶ በሚፈስስበት ጊዜ ቤት ይሠራል፣ ያርሳል፣ ግድብ ይገድባል። ከዚያ ድርቁ ይመጣል። ወንዙ ይደርቃል። ድርቁ አልፎ ዝናቡ ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድርቅ ግን ይበልጥ እየረዘመ ይሄዳል።

የጨዋታው ረቂቅ ነገር መራባቱ ላይ ነው። ከሁለቱ የቢቨር ወገኖች በአንደኛው ዘንድ ግልገል የሚወለደው በቤቱ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ስለዚህ ቤት በሠራህ ቁጥር መንጋው ይበዛል። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ብሎት ቤት በቤት ላይ ሠራ። ከተማዪቱ አማረች፤ ግልገሎቹ በዙ። ድርቁ ሲመጣ ግን የተጠራቀመው ውኃ ለዚያ ሁሉ አፍ አልበቃም፤ ከተማዪቱ በጥም አለቀች። በሁለተኛው ዙር የተማረው ትምህርት አጭር ነበር፤ ባለ ጠጋ በሆንክበት ቀን እጅህን ያዝ። መንጋ የሚለመልመው አለቃው በጥጋብ ቀን «ይብቃ» ማለት ሲችል ነው።

ይህን ሲነግረኝ «ይህማ የመንዝ ሕግ ነው» አልሁት። አላመነኝም። እነሆ ማስረጃዬ።

* * *

የመንዝ ሽማግሌዎች የሚተርኩት እንዲህ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ። ጓሳን በመጀመሪያ የእኔ ነው ያሉት እነርሱ ናቸው። ድንበራቸውን የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው ይባላል። የፈረሱ ግልቢያ አፈ ታሪክ ይሁን እውነት ለአንባቢ እተወዋለሁ። የጌራ ስም ግን ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጓሳ የሚገኝበት ወረዳ እስከ ዛሬ መንዝ ጌራ ምድር ይባላል። መንዝ ጥንት የሚከፈለው ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ነበርና።

ከአስቦና ከጌራ በኋላ የመጣው ትውልድ ጓሳን በአጽመ ርስት ያዘው። የአጽመ ርስት ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው የአቅኚው አባት ዘር መሆኑን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ካስመሰከረ ከመሬቱ ድርሻ አለው። መሬቱ የዘሩ ሁሉ ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ አደጋ አለው። ልጅ በተወለደ ቁጥር ባለ መብት ይጨምራል። ሁሉም ማጭዱን ይዞ ቢወጣ ሣሩ በአንድ በጋ ያልቃል። አባቶች ይህን ያወቁት ከእኛ ቀድመው ነው።

መፍትሔያቸው ቄሮ ነበር። (ይህን ቃል በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ብቻ የሰማው አንባቢ እንዳይደናገር፤ በመንዝ ቄሮ ማለት የጓሳ ጠባቂዎች አለቃ ነው።) አንዱ ለአስቦ ወገን፣ አንዱ ለጌራ ወገን ይመረጣል። የሚመረጠውም ባለ መብቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ሲስማሙበት ነው። የቄሮው ሥልጣን በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ጓሳ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ሊዘጋ ይችል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ማጨድ የለም፤ ከብት ማሰማራት የለም፤ እንጨት መልቀም የለም። የመዝጊያው ዘመን የሚረዝመውና የሚያጥረው ሁለት ነገር ታይቶ ነው። አንደኛው የሣሩ ቁመት፣ ሁለተኛው የሰው ችግር ነው። ድርቅ መጥቶ ከብት ማለቅ ከጀመረ በሩ ቀድሞ ይከፈታል።

የሚከፈተውም በዘፈቀደ አልነበረም። ወቅቱ በጋው የጠናበት፣ የካቲትና መጋቢት ገደማ ነው። ቀኑ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል፤ የመንዝ ሰው ሳይቀር የሚገኝባቸው ሦስቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸውና። በተባለው ቀን ሕዝቡ ይወጣል። መጀመሪያ ጓሳው ይታጨዳል። ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይገባል። ዝናቡ ሲጥል፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሰውም ከብትም ይወጣል፤ መስኩም እንደ ገና ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያኗ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ስፍራ ነበራት፤ ተጠቃሚው የሚቆጠረው በየደብሩ ነበርና።

ጥበቃውም የሁሉም ነበር። ቄሮው ቀን ቈርጦ ሲጠራ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ለአሰሳ ይወጣል። የተሰረቀ ሣር ከተገኘ ቅጣቱ ብርቱ ነው፤ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር ይላሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ደነገጠ፤ ዛሬ ማንም ይህን ቅጣት መልሱ አይልም። ሆኖም ልብ በል። የሚቃጠለው ቤት ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ቅጣቱ «ከእኛ ሣር በታች አታድርም» የማለት ያህል ነበር።

* * *

እስካሁን ስለ ሰው ተናገርሁ። አሁን ስለ እነርሱ፣ ስለ አራት እግሮቹ የጓሳ ነዋሪዎች ልናገር።

ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የጀርመኑ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቀው የሰጠው ስም እንኳ ከእኛው «ጭላዳ» የተወሰደ ነው። ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው ምግቡ ሣር መሆኑ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል። ማታ ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። በጓሳ መንጋው አንዳንዴ ከ600 በላይ ሆኖ ይታያል። መንጋው ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ በየቤተሰቡ የተከፋፈለ ነው። አንድ ባለ ጎፈር ወንድ ከጥቂት ሴቶች ጋር ይኖራል። ወንዱ በሌላ ጉልበተኛ ሊገፋ ይችላል። ሴቶቹ ግን እናት፣ ልጅና እኅት ሆነው አብረው ይቀራሉ። ርስቱ የሴቶቹ ነው ማለት ይቻላል፤ ወንዱ ሹመኛ ነው፤ ይሾማል፣ ይሻራል።

ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. በጓሳ የጭላዳ ጥናት ጀመሩ። በዚያ ጥናት የታየው ነገር ደስ ያሰኛል። የጓሳ ጭላዳ ከ56 የማያንሱ የዕፅዋት ዓይነቶችን ይመገባል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሣር ቅጠል ነው፤ የቀረው አብዛኛው በሣሩ መካከል የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው። ይህ የሚያስረዳን አንድ ነገር ነው። መስኩ ከብት ሲግጠው የከረመ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዓይነት ባልተገኘ ነበር። የጭላዳው ገበታ የተሞላው ቄሮው በሩን ስለ ዘጋ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም፤ ጓሳ ከመጨረሻዎቹ መጠጊያዎቹ አንዱ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ እያደነ ነው፤ አይጡም የሚኖረው በሣሩ ውስጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። መንጋው ሲግጥ አይጦቹን ሳይረብሻቸው ወይም ሳይሸሽጋቸው አልቀረም። ቀበሮውም ይህን ስለሚያውቅ በመንጋው መካከል ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። ግልገሎቹን አይነካም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ነጠቀ፤ ጭላዶቹ ተረባርበው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ ወደ መንጋው መመለስም ከለከሉት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከቄሮው ሕግ ጋር አስተያየው። ሰው ከሰው ጋር ተስማምቶ መስክ ዘጋ። በተዘጋው መስክ ቀበሮና ጭላዳ የራሳቸውን ውል አበጁ። ሕግ አፍራሹም በሁለቱም ዘንድ ይባረራል።

* * *

በምሠራበት ባንክ ሰዎች በየቀኑ ወደ መስኮቴ ይመጣሉ። አንዳንዱ ገንዘቡን በጊዜ ገደብ ያስቀምጣል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነካውም ብሎ ይፈርማል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ግን ከራሱ ይደብቀዋል። ወለድ የሚያገኘው ስለ ጠበቀ ነው። ጓሳም እንደዚያ ነበር። ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ ወለዱን የሚበሉበት፣ ሒሳቡ በሣር ቁመት የሚለካ ባንክ ነበር። ልዩነቱ አስቀማጩ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ሺህ ሰው በአንድ ደብተር ላይ ፈርሞ፣ ከሺሁ አንዱ እንኳ ቀኑ ሳይደርስ እንዳያወጣ መስማማት ነበረበት።

ይህ አይቻልም ያሉ ሊቃውንት ነበሩ። ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝነኛ ጽሑፉ የወል መስክን ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። መስኩ የሁሉም ከሆነ እያንዳንዱ እረኛ አንድ በግ ልጨምር ይላል፤ ጥቅሙ ለእርሱ፣ ጉዳቱ ለሁሉም ነውና። በመጨረሻም መስኩ ይጠፋል፤ የጋራ የሆነ ነገር ጥፋቱ አይቀርም አለ። ለብዙ ዓመታት ይህ እንደ ሕገ ኦሪት ተቆጠረ። በኋላ ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ሊቅ ከስዊስ ተራሮች እስከ ጃፓን መንደሮች የወል መሬት ታሪክን መርምራ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ መልስ ሰጠች። ሰዎች ድንበሩን ካወቁ፣ ሕጉን ራሳቸው ካወጡ፣ ጠባቂውን ራሳቸው ከመረጡ፣ አጥፊውን ከቀጡ፣ የጋራ ሀብት ለዘመናት ይኖራል አለች። በ2009 እ.ኤ.አ. የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተሰጣት፤ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ናት።

ድንበሩ የታወቀ፤ አስቦና ጌራ ለይተውታል። ሕጉ የራሳቸው፤ ጠባቂው በምርጫቸው፤ ቅጣቱም የታወቀ ነበር። የመንዝ ገበሬ ኖቤል አልጠበቀም። የእኛው ተመራማሪ ዘላለም ተፈራ የጓሳን የወል ሥርዓትና የቀይ ቀበሮውን ኑሮ አጥንቶ በ2001 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ድርሳኑን አቀረበ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ቄሮ ካነሣሁት ብዙው ዓለም ያወቀው በእንዲህ ያለው ጥናት ነው።

* * *

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ታወጀ። ርስት ቀረ። በዘር ቆጠራ የሚገኝ መብት ቀረ። «መሬት ላራሹ» ያሉ ተማሪዎች የተደበደቡለትና የታሰሩለት ጥያቄ መልስ አገኘ። እኔ ይህን አዋጅ የሚያጣጥል ጽሑፍ አልጽፍም። የጓሳን ሣር እያየ «አንተ የአስቦ ዘር አይደለህምና አትግባ» የተባለ ጎረቤት ነበር። ክዳኑ እያፈሰሰ፣ ልጆቹ እየበረዳቸው፣ በአያቱ ስም ምክንያት ብቻ የተከለከለ ሰው ነበር። ለዚያ ሰው 1967 የነፃነት ዓመት ነው። ማንም ይህን ሊነፍገው አይገባም።

ነገር ግን አዋጁ መብቱን ሲሽር በሩንም ነቀለው። ቄሮው በርስት ላይ የቆመ ሹም ነበርና ርስቱ ሲሻር እርሱም ሥልጣኑን አጣ። ጓሳ የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ደግሞ ዘጊ አጣ። የተከለከለውም፣ ከልካይ የነበረውም፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወጣ። ሣሩ ተጐዳ። ሃርዲን ያለው ትንቢት የደረሰው በዚህን ጊዜ ነው እንጂ በቄሮው ዘመን አይደለም።

የታሪክ ሚዛን የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። በቄሮው ዘመን ሣሩ ነበረ፣ እኩልነቱ አልነበረም። በአዋጁ ማግሥት እኩልነቱ ታወጀ፣ ሣሩ መነመነ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ምን እላለሁ? ደግነቱ የመንዝ ሰው ራሱ «ሁለቱንም» ብሎ መለሰ።

ከጊዜ በኋላ በጓሳ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች እንደ ገና ተሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ መለኪያው ዘር አልነበረም። በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ሁሉ ተጠቃሚ ሆነ። የጥበቃ ኮሚቴ ተመረጠ። መተዳደሪያ ደንብ ወጣ። የቆየው የመዝጋትና የመክፈት ጥበብ ተመለሰ፤ ቤት የሚያቃጥለው ቅጣት ግን አልተመለሰም። የፍራንክፈርት ሥነ እንስሳት ማኅበርም ሥራውን አገዘ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው። አቅኚ አባቶች በቃል የጀመሩት ነገር፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በወረቀት ላይ ማኅተም አገኘ።

ማኅተም ብቻውን ግን ሣር አይጠብቅም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ክልሉ በሌላ ግጭት ታመሰ። ሰላም ሲጠፋ ለሣር ዘብ የሚወጣው ማን ነው? የዘጉት መስክ ነገም የእኔው ነው ብሎ የማያምን ሰው ዛሬውኑ ያጭደዋል። መታገሥ የሚቻለው ነገን የሚያምን ልብ ሲኖር ነው። አባቶች ጓሳን 5 ዓመት ዘጉት ስንል፣ ከ5 ዓመት በኋላ በሩ ሲከፈት እዚያው እንደሚኖሩ ያምኑ ነበር ማለታችን ነው።

የቢቨሮቹን ጨዋታ ከጓሳ ጋር ሳነጻጽር ልዩነቱ የሚታየኝ እዚህ ነው። በጨዋታው ውስጥ አለቃው አንድ ነው። ቢቨሮቹ አይጠይቁትም። ቤት አልሠራም ሲል የሚከራከረው የለም። ከተሳሳተም ካስቀመጠው ቦታ እንደ ገና ይጀምራል። ሕጉን ለማንም ማስረዳት አይኖርበትም፤ ራሱም ቢቨር አይደለምና አይራብም። የመንዝ ቄሮ ግን ከሚገዛቸው ሰዎች መካከል የተመረጠ፣ እርሱም እንደ እነርሱ የሚበርደው፣ የእርሱም ከብት የሚከሳበት ሰው ነበር። «ዘንድሮ አይከፈትም» ሲል የሚናገረው ለራሱ ሚስትና ልጆች ጭምር ነው። ጨዋታው የሚያስተምረው እጅን መያዝ ነው፤ ጓሳ የሚያስተምረው ደግሞ ሺህ ሰዎች እጃቸውን በአንድ ቀን እንዴት እንደሚይዙ ነው። ይህ የከበደ ትምህርት ነው። ስህተቱም የሚታረምበት ሌላ ዙር የለውም፤ የጠፋ ቀይ ቀበሮ እንደ ገና አይጀመርም።

ጭላዳ በጓሳ ብቻ አይኖርም። በአንኮበር ገደሎችና በጣርማ በር አካባቢም ያልፋል፤ መንገደኛ መኪና አቁሞ ፎቶ ያነሣዋል። በእነዚያ ቦታዎች ግን እርሻው እስከ ገደሉ አፍ ደርሷል። ጭላዳው ሣሩን ሲያጣ ገብስ ውስጥ ይገባል፤ ገበሬውም ልጆቹን በወንጭፍ ያሰማራል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ይራባሉ። በመካከላቸው የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተዘጋ መስክ። ጭላዳው በጓሳ የዋህ፣ በሌላው ቦታ ሌባ ሆኖ የተፈጠረ እንዳይመስለን። ልዩነቱ ያለው በሰዎቹ ውል ላይ ነው።

ለዚህ ነው የተዉት ሰዎች ታሪክ ይጻፍ የምለው። የያዘው ሰው ግንብ ይተዋል፤ ሐውልት ይተዋል። የተወው ሰው የሚተወው ሣር ብቻ ነው። ሣሩም አይናገርም። ስለ እርሱ እንዲህ ስንኝ ቋጠርሁ፤

ያጨደማ አለው የሚያሳየው ክምር፣
የነዳማ አለው የሚቆጥረው ከብት፤
ምን አለው በእጁ፣ ምን ይዞ ይናገር
ማጭዱን ሰቅሎ ያደረው በራብ ቤት?
ምስክሩ ሣር ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው
ስሙን የሚጠራ፣ ሰው እንኳ ባያውቀው።

የአስቦንና የጌራን ፈረሶች ማን እንደ ጋለባቸው፣ የትኛው ቀድሞ እንደ ደከመ ሽማግሌዎች ይከራከሩበት። የመጀመሪያውን ቄሮ ስም ግን ባውቀው ደስ ባለኝ ነበር። በመጀመሪያው የድርቅ ዓመት፣ ሣሩ ጉልበት ደርሶ እየታየ፣ ረኃብተኛ ዘመዶቹ ፊት ቆሞ «ገና ነው» ያለ ሰው ነው። ያ ሰው ዘውድ አልጫነም፤ በስሙ የተጠራ ከተማም የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ጭላዶቹ ከገደሉ ወጥተው ቁርሳቸውን የሚነጩት እርሱ በዘጋው መስክ ላይ ነው።

ቸር እንሰንብት።